መልቲ ኦርጋን ፌለር ምንድን ነው?

ልጁ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ እንበል። ጎንደር ሲደርስ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። በማግስቱ ሐኪሙ ወጥቶ «ኩላሊቱ ደክሟል፣ ሳንባውም እየተቸገረ ነው» ይላል። አባት ግራ ይገባቸዋል። «ዶክተር፣ ልጄን የያዘው ወባ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ ከየት መጣ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። በጠና የታመመ ሰው ሁለትና ከዚያ በላይ የውስጥ አካላቱ ያለ እገዛ መሥራት ሲያቅታቸው መልቲ ኦርጋን ፌለር ይባላል። አካላቱ ቀድሞ የታመሙ መሆን የለባቸውም። የአንዱ ጦስ ለሌላው ይተርፋል።

መንገዱ ደም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሴፕሲስ ነው፤ ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ ልክ አጥቶ ራሱን መጉዳት ሲጀምር ማለት ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ግፊት ይወርዳል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል። ኦክስጅን ለሚጠብቀው ሴል አይደርሰውም፤ የደረሰውም በወጉ አይጠቀምበትም። ፋልሲፓረም በሚባለው ወባ ደግሞ ጥገኛው የገባባቸው ቀይ የደም ሴሎች የትንንሾቹ ሥሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው መተላለፊያውን ይዘጋሉ። አባትዬው «ኩላሊት ከየት መጣ?» ላሉት መልሱ ይህ ነው። ከባድ አደጋ፣ ቃጠሎና የቆሽት ብግነትም እዚሁ ያደርሳሉ።

ሐኪሞች ጉዳቱን «ሶፋ» በሚባል መለኪያ ይከታተላሉ (ሳሎን ያለው አይደለም)። ሳንባን፣ የደም መርጋትን፣ ጉበትን፣ የደም ዝውውርን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ያያል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ከፍተኛው ድምር 24 ነው። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የሞት አደጋውም ይጨምራል።

«ፌለር» የሚለውን ቃል ግን እኔ አልወደውም። ቤተሰብ ሲሰማው «አበቃለት» ብሎ ይተረጉመዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም «ዲስፈንክሽን» የሚለውን መርጠዋል፤ የሥራ መዛባት እንደማለት። ደረጃ አለው፤ ሊብስም ሊመለስም ይችላል።

ቬንትሌተሩ ለሳንባ ይተነፍሳል፣ ዳያሊሲሱ ደም ያጥባል፣ መድኃኒት ግፊቱን ይዞ ያቆያል። እነዚህ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ አያድኑም። ወባውን የሚገድለው የወባ መድኃኒቱ ነው፤ የተቋጠረ መግል ካለም መውጣት አለበት። ያ በቶሎ ከተደረገ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ያገግማል። ነርሶቹ የሽንት ከረጢቱን በየሰዓቱ የሚለኩት ለዚህ ነው፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይጠበቅበታል። አባትም ሁለት ቀን ካደሩ በኋላ በር ላይ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ «ዛሬስ ሽንት ወረደለት?»