የሊፒድ ናኖ ቱቦ ምንድን ነው?

የቅባት ወገን የሆኑ፣ ሊፒድ የሚባሉ ሞለኪውሎች ውኃ ውስጥ በራሳቸው ተሰባስበው የሚሠሩት፣ ውስጡ ባዶ የሆነ እጅግ ቀጭን ቱቦ ነው። ማንም አይጠቀልለውም፤ ማንም አይቀርጸውም። ቅርጹ የሚመጣው ከሞለኪውሉ ከራሱ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ሞለኪውል ፎስፎሊፒድ ነው። ከውኃ ጋር የሚስማማ ራስና ሁለት ረጃጅም የካርቦን ጭራዎች አሉት። ጭራው ውኃን ይጠላል ሲባል እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር ግን ገፊው ውኃው ነው፤ የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ጭራዎቹን ከመካከላቸው ያስወጧቸዋል። ጭራዎቹም ፊት ለፊት ገጥመው፣ ራሶቹ በውጭ በኩል ቀርተው፣ 5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ያህል ውፍረት ያለው ድርብ ሽፋን ይፈጠራል።

ይህ ሽፋን ሙቀት ላይ እያለ ጭራዎቹ እንደ ፈሳሽ ልል ስለሆኑ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ ሊፖሶም የሚባል ድቡልቡል ከረጢት ይሆናል። ታዲያ ቱቦው ከየት መጣ? ከማቀዝቀዝ ነው። ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ ጭራዎቹ ቀጥ ብለው ይደረደራሉ፣ ወደ አንድ ጎንም ያዘነብላሉ። እነዚህ ሞለኪውሎች ደግሞ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው፤ የአንዱ ቅርጽ ከመስታወት ምስሉ ጋር ልክ አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጥቂት ዞር ብሎ ይቀመጣል። ያቺ ጥቂት መዞር በብዙ ሺህ ሞለኪውሎች ስትደመር ሽፋኑ እንደ ጥብጣብ ይጠማዘዛል፣ የጥብጣቡ ጠርዞች ይገናኛሉ፣ ቱቦ ይሆናል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥምዝምዙ መስመር ብዙ ጊዜ በቱቦው ላይ ይገኛል። የሞለኪውሉን የመስታወት ምስል ወስደን ብንሠራ ደግሞ ጥምዝምዙ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

በ1984 እ.ኤ.አ. ፖል ያገርና ፖል ሾን በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሳሉ ያሳወቁት ቱቦ በዘርፉ በጣም የታወቀው ነው። ስፋቱ ግማሽ ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ፣ ርዝመቱ በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር ነው። የዚህ ሊፒድ ጭራዎች ዳይአሴቲሊን የሚባል ክፍል ስላላቸው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ቀለማቸውም ይለወጣል። በጃፓን በነቶሺሚ ሺሚዙ የተሠሩት ከስኳር ጋር የተያያዙ ሊፒዶች ደግሞ ከዚህ በጣም የጠበቡ ቱቦዎችን ይሰጣሉ።

ተመራማሪዎች መድኃኒትን ቀስ በቀስ ለመልቀቅ፣ ፕሮቲን ለመያዝ፣ ለሌሎች ቁሶች ቅርጽ ማውጫ ለማድረግ ሞክረውታል። ችግሩ ሙቀት ነው። የያገርና የሾን ቱቦ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ጭራዎቹ እንደገና ይላላሉ፤ ቱቦውም ፈርሶ ወደ ሊፖሶምነት ይመለሳል። ቱቦውን በመዳብ ወይም በኒኬል መለበጥ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ሊፒዱ ቢሄድም ብረቱ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።