የትራስ ከፍታ ምንድን ነው?

«አንገቴን ይዞኝ አደረ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ብርዱን ነው። ትራሱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ የጠረጠረም ልስላሴውን እንጂ ከፍታውን አይመረምርም። የትራስ ከፍታ ማለት ሱቅ ውስጥ ተነፍቶ የሚታየው ቁመት አይደለም። ጭንቅላት ሲያርፍበት ተጨፍልቆ የሚቀረው ውፍረት ነው።

ትራስ ስሙን ያገኘው ከራስ ነው፤ የሚያገለግለው ግን አንገትን ነው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ጭንቅላት ቀን ሙሉ የሚሸከሙት 7ቱ የአንገት አጥንቶች ወደ ፊት በጥቂቱ የቀሰቱ ናቸው። ትራሱ ከልክ በላይ ሲያብጥ አገጭን ወደ ደረት ይገፋል፣ ቅስቱም ይጠፋል፤ ጡንቻዎቹ ሌሊቱን ሙሉ እንደተወጠሩ ያድራሉ። የደቡብ ኦሞ ሐመሮችና ዳሰነቾች የሚንተራሱት ብርኩማ ደረቅ እንጨት ነው። እኔ ለማንም እንጨት አልመክርም፤ ነገር ግን ከልስላሴ ይልቅ የድጋፉ ቁመትና ቦታ እንደሚቀድም ከእርሱ መማር ይቻላል።

በጎኑ የሚተኛ ሰው በጆሮውና በትከሻው ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ትራስ ያስፈልገዋል። ትከሻው ሰፊ ለሆነ ወፍራም፣ ጠባብ ለሆነ ቀጠን ያለ ይሁን። ባልና ሚስት ለአልጋው ውበት ብለው መንታ ትራስ ሲገዙ የአንዳቸው አንገት መጎዳቱ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ትከሻን የሚያሰምጥ ለስላሳ ፍራሽ ካለ ደግሞ ትራሱ ዝቅ ማለት አለበት። በጀርባ ለሚተኛ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። በሆድ መተኛት አንገትን ጠምዝዞ ስለሚያሳድር፣ ልማዱን መተው ያልቻለ ሰው ስስ ትራስ ይጠቀም።

ልኩን ለማወቅ በጎን ተኝታችሁ አንድ ሰው ከጀርባችሁ ይመልከት፤ ከማጅራት እስከ ወገብ ያለው መስመር ቀጥ ማለት አለበት። ጭንቅላት ወደ ፍራሹ ካዘነበለ የታጠፈ ፎጣ ከትራሱ ሥር አስገቡና እንደገና ይታይ። ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ወይም ጣት ካደነዘዘ ግን ነገሩ የትራስ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በየቤታችን ያለውን የጥጥ ትራስ እስቲ መሐሉን ዳብሱት። ጥጡ ጓል ሠርቶ ወደ ዳር ሸሽቷል፤ ጭንቅላት የሚያርፈው ጉድጓድ ላይ ነው። ነገር ግን ከስፖንጅ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ስፌቱን ተርትሮ፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እንደ ባዘቶ በእጅ አፍታትቶ፣ ለራስ አንገት በሚስማማው መጠን መልሶ መሙላት ይቻላል።