ዶቅዶቄ በጣርማ በር፦ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች የሰሜን ሸዋ ጉዞ

የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ጉዞ የድሮ ሞተር ያላቸው ሰዎች ተጠራርተው፣ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን አብረው የሚነዱበት ልማድ ነው። መዳረሻው አንዳንዴ ትርኢት ነው። ሞተሮቹ ይደረደራሉ፣ ሰው እየዞረ ያያል፣ ያወራል። አንዳንዴ ደግሞ መዳረሻው ምሳ ብቻ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ከመዳረሻው ይልቅ የሚወራው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ዳገት አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው አስፋልት የአሮጌ ሞተርን ጉድ ያወጣል። ቀለም ተቀብታ ያማረችው እዚያ ዳገት ላይ ትለያለች።

ልማዱ በክለብ የተደራጀው አውሮፓ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር ከ1915 በፊት የተሠሩ ሞተሮች እስከ ብራይተን ባሕር ዳርቻ የሚነዱበት ዓመታዊ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1930 ተጀመረ። በ1946 ደግሞ የእንግሊዝ የአንጋፋ ሞተሮች ክለብ ተቋቋመ። 25 ዓመት የሞላት ሞተር እዚያ ቦታ አላት። ዓለም አቀፉ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ግን 30 ዓመት ይላል። ጀርመኖች ከ1956 ጀምሮ በበረዶ ወራት ድንኳን ተክለው የሚያድሩበት ስብሰባ አላቸው፤ የዝሆኖች ስብሰባ ይሉታል። ዝሆን የተባለችው ዙንዳፕ የምትባል ግዙፍ ሞተር ናት።

በ25 ዓመቱ መስፈርት ከሄድን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ የምትቆም ያማሃም አንጋፋ ልትባል ነው። እኛ አገር ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ዓለም ጨርቅ ሸፍኖ ጋራዥ ያስቀመጣት ሞተር እኛ ዘንድ ገና ሥራ ላይ ናት። ያማሃ ኤጂ 100ን እንውሰድ። ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች ናት። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። መልኳ አያምርም፤ እሷም አምራለሁ አላለችም። ሌላዋ ያማሃ ዲቲ 125 ደግሞ ረጅምና ቀልጣፋ ናት፣ ድንጋይ አትፈራም። ሆንዳ ኤክስኤልም ከጤና ባለሙያና ከግብርና ባለሙያ ጋር ገጠሩን ያካለለች ናት።

ዶቅዶቄ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ድምፃቸው ነው። የመለዋወጫው ስም ግን አብዛኛው ጣልያንኛ ነው፦ እሳት የሚጭረው ካንዴላ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚያዘው ፍሪሲዮን፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ፣ ጎማ። ጣልያን በወረራው ጊዜ የጦር ሞተሮች ይዞ ገብቶ ነበር፤ ሞቶ ጉዚ አንዷ ናት። ሞተሮቹ ሄዱ፣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ።

ለሞተር ስም ማውጣት የፈረንጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ ሸዋን ያስብ። እዚህ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ጌታውን በፈረሱ የሚጠራ አገር ላይ ሰውን በሞተሩ መጥራት ምን ያስገርማል?

ወደ ጉዞው እንግባ። ከመነሳት በፊት ሊብሬና ቦሎ ይታያል፤ የድሮ ሞተር ብዙውን ጊዜ የምትያዘው በወረቀት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ፣ ከከተማዋ የሚነሳ ሰው ይህንንም ማሰብ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ መነሳት የለም። ይህን ማጣራት ካንዴላ ከማየት ይቀድማል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 2,800 ሜትር ያልፋል። መንገዱ እስከዚያ ድረስ ለጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ጠላቱ ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፣ ንፋሱም በእጅጌ ይገባል። ልምድ ያለው ሰው ፀሐይ ሳትሞቅ አይነሳም። ጓንት የረሳ ደግሞ ጣቱ ደንዝዞ ፍሪሲዮን መያዝ ያቅተዋል። የደብረ ብርሃን አረቄ ብርዱን ያባርራል የሚል መካሪ አይጠፋም። የሚነዳ ሰው ግን ሻይ ይጠጣ።

ጊዜ ያለው ከዚህ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢነዳ አንኮበር ይደርሳል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ናት። የምኒልክ ግቢ የነበረበት ኮረብታ አናት ላይ ሲቆሙ ቆላው ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። ሞተር አስደግፎ ፎቶ ለመነሳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ዋናው ፈተና ከደብረ ብርሃን በኋላ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቷ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ 10 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር እዚህ 7 ገደማ ይቀራታል፤ ሦስቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሯ ታስላለች። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው። ይህን ያላደረገ ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ካንዴላ ሲፍቅ ይታያል። ያን ጊዜ እረኞች ከበው ያያሉ። ትርኢት ከተባለ ይኸው ነው።

እዚሁ አካባቢ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ ይገነጠላል። ወደ መንዝ ነው። ጓሳ የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ሕዝቡ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሣሩንና ግጦሹን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ደጋ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ማርሚታቸው የተበሳ ሞተሮች እዚያ ባይገቡ ደስ ይለኛል።

ሰሜን ሸዋ ሲባል በኦሮሚያ በኩል ያለውም አለ። በፍቼና በደብረ ሊባኖስ አድርጎ እስከ ጎሐ ጽዮን፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ማለት ነው። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አለ። የብዙ አሮጌ ሞተሮች መብራት ባለ 6 ቮልት ነው፤ ከሻማ ብዙም አይሻልም። ከፀሐይ ድንገት ጨለማ ውስጥ ሲገቡ ዓይን ምንም አያይም። ጉም ካለ ደግሞ ከዋሻው ወጥተውም ጨለማው አይለቅም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሳይገቡ ፍጥነት መቀነስ፣ ውስጥ ገብቶ መቅደም የለም።

ቀጥሎ ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ነው። የድሮዎቹ ፍሬን በከበሮ ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል አይዝም። እንደ ኤክስኤል ያለች ባለ አራት ምት ሞተር በማርሽ ተይዛ ትወርዳለች። እንደ ዲቲና ኤጂ ያሉት ባለ ሁለት ምቶች ግን በማርሽ ብዙም አይያዙም። ሌላም ጣጣ አላቸው። የሞተሩን ውስጥ የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ነዳጅ ዘግተው ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ ዘይቱም ይቀንሳል፣ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ እየወረዱም በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ግን ከቡድኑ ቢቀር ይሻላል።

ታች ሲደርሱ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሯ ድምፅዋን ታጠራለች። የጠዋቱ ካፖርት፣ ሹራብና ጓንት ተራ በተራ ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ጥላ ሥር ሞተሮቹ ይደረደራሉ፣ ለስላሳ ይታዘዛል፣ የማን ካንዴላ ስንት ጊዜ እንደጠቆረ ይቆጠራል። ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ ወደመጣበት ተራራ ያያል። መመለሻውም በዚያው ነው።