ባህር ዳር ላይ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ቁጥርና ብቃት ሕዝቡ ምን ማወቅ ይችላል

አንድ መሥሪያ ቤት ስንት ሠራተኛ አለው፣ መደቡ ምን ዓይነት የትምህርት ዝግጅትና ልምድ ይጠይቃል፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውስ ያንን ያሟላል ወይ? ባህር ዳር ላይ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ቦታ አይገኝም። ቁጥሩ ሪፖርት ላይ ነው፣ ተፈላጊ ችሎታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ግን ሰው ሀብት ክፍል ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ከተማችን የክልሉ መቀመጫ ስለሆነች የክልል ቢሮዎቹ፣ የከተማ አስተዳደሩና ስድስቱ ክፍለ ከተሞች ማለትም ፋሲሎ፣ ግሽ አባይ፣ በላይ ዘለቀ፣ ጣና፣ አፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክ፣ ሲጨመርም የፌዴራል ቅርንጫፎች ሁሉም እዚሁ ናቸው፣ ስለዚህ ጉዳዩ እንደ ባህር ዳር ሰው የሚነካው ብዙ የለም።

እስከ 1983 ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ አስተዳደር ከማዕከል ነበር የሚመራው። ክልሉ ከተቋቋመ በኋላ ቅጥሩም ዝውውሩም ወደዚህ መጣ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ አንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያነሳል። በዚያው በ1987 በኩር ጋዜጣ እዚሁ ባህር ዳር መታተም ጀመረች። በኩር ለክልሉ ሕዝብ ትልቅ ውለታ ውላለች፣ ክፍት የሥራ መደብ ሲወጣ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደሞዙ፣ ተፈላጊ ችሎታው፣ የሚፈለገው ሰው ብዛት ሁሉ ታትሞ ይወጣል፣ የድሮ እትሞቿን ያገላበጠ ሰው የትኛው ቢሮ መቼ ምን ዓይነት ባለሙያ ሲፈልግ እንደነበር ማየት ይችላል። አሁን አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራምና በፌስቡክም ይለጠፋል፣ ግን ፖስት ይጠፋል፣ ጋዜጣ ይቀመጣል።

መረጃ ስለማግኘት ዋናው ሕግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ ስለ ሚዲያ ያለውን ክፍል ተካው፣ ስለ መረጃ ማግኘት ያለው ክፍል ግን ቀጠለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አዋጁ ተሽሯል ተብሎ የሚመለስም አለ። አዋጁ የፌዴራልንም የክልልንም መሥሪያ ቤት ይመለከታል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራል። ከዚያ ይግባኙ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፣ ተቋሙ ደግሞ ባህር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ ሳይጠየቅም አደረጃጀቱን፣ የኃላፊዎቹን ሥልጣንና ተግባር፣ የአገልግሎት ዓይነቱን ይፋ ማድረግ አለበት። የዜጎች ቻርተር እያሉ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ነገር በከፊል ይሄንን ይሸፍናል፣ ሠራተኞችም ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉበት ወይ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያስቀምጡበት ቢሮ ቀላል አይደለም፣ ይሄ መመስገን አለበት።

ክርክሩ ያለው የግለሰቡ የትምህርት ማስረጃ ላይ ነው። አዋጁ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ያለ አግባብ እንዳይወጣ ይከለክላል። የመንግሥት ሠራተኛ የግል ማህደርም ለማንም የሚሰጥ አይደለም። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሲጨመር አንዳንድ የሰው ሀብት ባለሙያዎች የበለጠ ቆጠብ ማለታቸው የሚጠበቅ ነው። በሌላ በኩል የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ የደሞዝ እርከንና ተግባር የሰውየው ሳይሆን የመንግሥት ነው፣ በተለይ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ከመጣ ወዲህ መደቦች በ22 ደረጃ ስለተከፈሉ ይሄን መደበቅ ምንም ምክንያት የለውም። ዲግሪውስ? የተወለደበት ቀን፣ የጤናው ጉዳይ፣ የቤተሰቡ ነገር የግሉ ነው፣ በሕዝብ ገንዘብ ለሚከፈልበት መደብ ያቀረበው የትምህርት ዓይነትና ደረጃ ግን የግል ነው ማለት በኔ እምነት አያስኬድም። ሌላው ቀርቶ የትምህርት ውጤቱን ትቶ፣ ኮፒውን ሳይሰጥ፣ ተፈላጊ ችሎታውን ያሟላል አያሟላም ብሎ በጽሑፍ መመለስ ይቻላል። ይሄ በሕግ የተረጋገጠ ነው ማለት ግን አይደለም።

ፎርጅድ የሚባለው ነገር ጉዳዩን አክብዶታል። በፌዴራልም በክልልም የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ተካሂዷል፣ ለሕዝብ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቅል ቁጥር ነው፣ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው መደብ የሚለው አይገለጽም። አዲስ አበባ በ2016 ለከተማው ሠራተኞች የሰጠችው የብቃት ፈተናም ውጤቱ በጥቅል ነው የተነገረው።

ጣና ላይ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እምቦጭ ከ2004 አካባቢ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ታየ፣ በኋላም ጣናን የሚጠብቅ የክልል ኤጀንሲ እዚሁ ተቋቋመ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ስንት የውኃ ሀብት፣ የዓሣ፣ የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያ እንደተመደበና ስንት መደብ ክፍት እንደሆነ ማወቅ የዓሣ አስጋሪውም፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊውም መብት ነው። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ባለሙያ የሚያስመርቅባት ከተማ ስለሆነች ሰው ጠፋ የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው የሰው ስም ከመጥራት መደብ ቢጠራ ይሻለዋል። የጸደቀው መዋቅር፣ በመዋቅሩ ያሉት መደቦች ብዛት፣ የተሟሉትና ክፍት የሆኑት፣ የየመደቡ ተፈላጊ ችሎታ፣ በትምህርት ደረጃና በጾታ የተለየ የሠራተኛ ቁጥር ብሎ ለያይቶ ይጻፍ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርግም ቁጥርና ቀን አስጽፎ ኮፒውን ይያዝ፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።