«ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት»፦ ከደሴ ሰፈር እስከ አብራሪው ሬዲዮ

ደሴ ውስጥ ልጅ ሲመሰገን «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ልጅ ነው» ይባላል። ነቀፋ ሲሆን ይገለበጣል፦ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት»። የመጀመሪያው ጨዋ ነው። ሁለተኛው ባልተጠራበት ጥልቅ የሚል።

ብዙ ሰው አባባሉን የታዛዥነት ምስጋና አድርጎ ይወስደዋል። ለእኔ ግን ታዛዥነት የአባባሉ ግማሽ ብቻ ነው።

የአባባሉ መነሻ የመላላክ ባህላችን ነው። ልጅ የእናቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ተላላኪ ነው። እናት ትጣራለች። ልጁ ከያለበት «አቤት!» ይላል። «ሂድና ከእትዬ ቤት ወንፊት አምጣ፤ የበርበሬውን እንዳይሆን» ትለዋለች። ብልህ እናት በዚህ አትለቀውም። «እስቲ ምን አልኩህ?» ብላ ታስደግመዋለች። ሳይደግም የሮጠ ልጅ የበርበሬውን ወንፊት ይዞ ይመጣና ቤተሰቡን በሙሉ ሲያስነጥስ ይውላል።

ይህ ማስደገም አውሮፕላን ውስጥ ሕግ ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አውሮፕላን ማረፊያዋ ታች ኮምቦልቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ደሴዬ እዚያ ወርዶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ይወጣል። አውሮፕላኑ ከመውረዱ በፊት በአብራሪዎቹ ክፍል በሬዲዮ የሚባለውን ግን ተሳፋሪ አይሰማም።

የመቆጣጠሪያ ማማ ባለበት ማረፊያ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የበረራውን መጠሪያ ይጠራል። ቀጥሎ የመንደርደሪያውን ቁጥርና የነፋሱን ሁኔታ ይናገራል፤ ፈቃዱም «ክሊርድ ቱ ላንድ» (ማረፍ ተፈቅዶልሃል) የሚለው ነው። አብራሪው የመንደርደሪያውን ቁጥር፣ «ክሊርድ ቱ ላንድ» የሚለውንና የራሱን መጠሪያ መልሶ ይላል። «ሮጀር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሮጀር «ያልከውን ተቀብያለሁ» ከማለት አያልፍም፤ ምን እንደሰማ አይናገርም። ተቆጣጣሪውም የተደገመለትን ማዳመጥ አለበት። ቁጥሩ ከተሳሳተ እዚያው ያርመዋል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ። «ኮንቲኒው አፕሮች» መቅረብህን ቀጥል ማለት ነው እንጂ እረፍ ማለት አይደለም። «ናምበር ቱ» ብቻውን የተራ ቁጥር ነው። ማማ ባለበት ማረፊያ የማረፊያ ፈቃድ ሳይመጣ መንደርደሪያው ከደረሰ፣ አብራሪው ሞተሩን ጨምሮ እንደገና ይነሳል። ይህ «ጎ አራውንድ» ይባላል። ተሳፋሪ ይደነግጣል፣ ግን አብሽር፣ የተለመደ አሠራር ነው።

አሁን ወደ ነቀፋው እንምጣ። በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ 126 እና 162 የሚባሉ ሁለት በረራዎች አሉ እንበል። ለ126 የተሰጠውን ፈቃድ 162 ከተቀበለው፣ ሳይጠሩት አቤት አለ። ሁለቱ እኩል ከመለሱ ደግሞ ሬዲዮው ያፏጫል፤ የማንም ቃል በደንብ አይሰማም።

«ሳይልኩት ወዴት» ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው ግን በመነሳት ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፌ ደሴት፣ በጉም ውስጥ፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ቦይንግ 747 የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው ተንደረደረ። የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም 747 ገና መንደርደሪያው ላይ ነበር። ማማው ጠብቅ ሲል የፓን አም አብራሪዎችም በዚያው ቅጽበት ይናገሩ ስለነበር፣ በኬኤልኤም በኩል የተሰማው ፉጨት ነው። 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ። በቀረው ጊዜ «ዲፓርቸር» (ጉዞ መጀመር) ይባላል።

ታዛዥነት ግማሹ ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። «ወዴት» ጥያቄ ነው። የማረፊያ ፈቃድም የግድ እረፍ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የመጨረሻው ውሳኔ የአውሮፕላኑ አዛዥ ነው። መንደርደሪያው ላይ ከብት ካየ፣ ወይም ነፋሱ ካላማረው፣ ፈቃዱን በእጁ ይዞ መልሶ ይነሳል። የተባለውን ማድረግ ካልቻለም «አንኤብል» (አልችልም) ይላል። ማንም ባለጌ አይለውም።

ሬዲዮ ቢበላሽስ? አብራሪው ለራዳር መለያ ቁጥር በሚልከው መሣሪያ፣ በትራንስፖንደሩ፣ ሬዲዮ ተበላሽቷል የሚለውን ቁጥር 7600 ይሞላል፤ ማማው በመብራት ያናግረዋል። በአየር ላይ ላለ አውሮፕላን የማይቋረጥ አረንጓዴ ማረፍ ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። የማይቋረጥ ቀይ ለሌላ ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ማረፊያው አደገኛ ነው፣ አትረፍ ይላል። አብራሪው በቀን ክንፉን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ በሌሊት የማረፊያ መብራቱን ሁለት ጊዜ አብርቶ ያጠፋል። በድምፅ ባይሆንም አቤት ማለቱ ነው። ለማረፍ በመጨረሻው መስመር ላይ ከሆነ ግን ክንፍ እንዲያወዛውዝ አይጠበቅበትም።