«እኔ የማንም አይደለሁም» ማለት ይበቃል? ስለ ገለልተኝነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የውጭ ፖለቲካ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው «ትንሽ አገር አርፋ ገለልተኛ ብትሆን ምን አለበት?» ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ የስዊዘርላንድ ስም ይጠራል። ቸኮሌቱ፣ ባንኩ፣ ሰላሙ። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ገለልተኝነትን እንደ መልካም ጠባይ እናየዋለን። ጭምት ሰው አይነካም፣ ስለዚህ ጭምት አገርም አትነካም ብለን እናስባለን። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ገለልተኝነት ጠባይ ሳይሆን ውል ነው። ውል ደግሞ ሌላ ወገን ይፈልጋል፣ ዋጋም ያስከፍላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እስቲ አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

«ገለልተኛ አገር ጦር አያስፈልጋትም»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1907 የተፈረሙት የሄግ ስምምነቶች የገለልተኛ አገር ግዛት እንዳይደፈር ይደነግጋሉ። በዚያው ልክ ግዴታም ይጥሉባታል። ተዋጊዎቹ ወታደራቸውንና ስንቃቸውን በምድሯ እንዳያሳልፉ መከልከል አለባት። አንዱን ካሳለፈች ሌላው «ወግነሻል» ይላታል። መከልከል ደግሞ በአፍ ብቻ አይሆንም።

ስዊዘርላንድ ይህን በደንብ ታውቃለች። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር 430,000 ያህል ሰው ለጦር ጠራች። ያኔ ሕዝቧ ከአራት ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጄኔራል ኦንሪ ጊዛን የአልፕስ ተራሮችን ምሽግ አደረገ። በሜይና በጁን 1940 ድንበር ጥሰው የገቡ የጀርመን አውሮፕላኖች ተመትተው ወድቀዋል። ዛሬም የአገሪቱ ወንዶች የውትድርና ግዴታ አለባቸው። ከቸኮሌቱ ጀርባ መድፍ አለ ማለት ነው።

«ኮስታሪካስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኮስታሪካ በ1948 ጦሯን በትናለች፤ በ1983 ደግሞ ገለልተኝነቷን አውጃለች። ግን ከ1947 ጀምሮ የአሜሪካ አህጉር አገሮች እርስ በርስ ለመከላከል የተፈራረሙት ውል አባል ናት። ቤቷ ዘበኛ የለውም፤ ጥሪ ሲደርሰው የሚመጣ ጎረቤት ግን አለ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ሆኖም ሁሉም አገር እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም።

«አንዴ ከታወጀ በቃ፣ ማንም አይነካሽም»

ይህን የሚል ሰው ቤልጅየምን አያውቃትም። የቤልጅየም ገለልተኝነት እንዲያው በባዶ የታወጀ አልነበረም። በ1839 ለንደን ላይ ታላላቆቹ መንግሥታት ፈርመውበታል። ከፈራሚዎቹ አንዷ ፕሩሲያ ነበረች፣ የኋላዋ ጀርመን። ኦገስት 4 ቀን 1914 ቤልጅየምን የወረረችው ያቺው ጀርመን ናት። ፈረንሳይን ለመምታት አቋራጩ መንገድ በቤልጅየም በኩል ነበር። የጀርመኑ ቻንስለር ቤትማን ሆልቬግ ውሉን ለእንግሊዙ አምባሳደር «ቁራጭ ወረቀት» ብሎ ጠራው። ቤልጅየም በ1936 እንደገና ወደ ገለልተኝነት ተመለሰች። በሜይ 1940 እንደገና ተወረረች። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቴ!

በዚያው በ1940 ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድና ሉክሰምበርግም ገለልተኛ ነበሩ። አንዳቸውም አልተረፉም። ገለልተኛዋ አይስላንድ እንኳ ተይዛለች፣ ያውም በእንግሊዝ። ላኦስን ደግሞ ተመልከቱ። በ1962 ጄኔቫ ላይ 14 አገሮች ተሰብስበው ገለልተኝነቷን እናከብራለን ብለው ፈረሙ። ከ1964 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ የአሜሪካ ቦምብ ወረደባት። ሰሜን ቬትናሞችም የስንቅና የመሣሪያ መንገዳቸውን በምድሯ ዘርግተው ነበር። ሁለቱም ወገን ውሉን ፈርሟል፣ ሁለቱም ጥሷል።

ታዲያ ስዊዘርላንድ ለምን ተረፈች? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ተራራውና ጦሩ ለወራሪ ዋጋውን አስወድደውበታል፣ እሱ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን እምብዛም አይወራም፤ ሳትወረር የበለጠ ትጠቅም ነበር። ጀርመንንና ጣሊያንን የሚያገናኘው ባቡር በጎታርድ ዋሻ ያልፋል። ስዊዘርላንድ ብትወረር ዋሻው በፈንጂ ይፈርሳል፣ ለሁለቱም ይቀራል። የስዊዘርላንድ ባንኮች ናዚዎች ከየአገሩ የዘረፉትን ወርቅ ጭምር ገዝተዋል፣ ፋብሪካዎቿም ለጀርመን ሸጠዋል። በምላሹ ከጀርመን የድንጋይ ከሰል ይመጣላታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ ሁሉ በኮሚሽን ሲመረመር ስዊዞቹ ራሳቸው ደንግጠዋል። ስለዚህ ስዊዘርላንድን ያዳናት ገለልተኝነቷ ብቻ ነው የሚለው ተረት ግማሹን ታሪክ ይደብቃል።

ኦስትሪያም ሌላ ትምህርት አላት። ከጦርነቱ በኋላ አራት መንግሥታት ለአሥር ዓመት ተካፍለው ይዘዋት ነበር። ሶቪየቶች ጦራቸውን ያወጡት ኦስትሪያ «እንደ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ እሆናለሁ» ብላ በ1955 ሞስኮ ላይ ከተስማማች በኋላ ነው። የገለልተኝነቱ ሕግ የጸደቀው የውጭ ወታደር ከወጣ በኋላ፣ ኦክቶበር 26 ነው። በፈቃዳችን ነው ለማለት እንዲመች። ቀኑ ዛሬ ብሔራዊ በዓላቸው ነው። የተሳካ ገለልተኝነት እንደዚህ ነው፤ ትልልቆቹ ራሳቸው ያቺ አገር የማንም ባትሆን ይሻለናል ያሉ ለታ ይሠራል። ሞልዶቫ በ1994 ሕገ መንግሥቷ ላይ «ገለልተኛ ነኝ፣ የውጭ ጦር በምድሬ አይሰፍርም» ብላ ጻፈች። የሩሲያ ወታደሮች ግን ከእሷ በተገነጠለችው ትራንስኒስትሪያ ላይ እንዳሉ አሉ።

«የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ አባል ከሆነች ገለልተኛ ናት»

ይህ ስህተት ግማሹ የቋንቋችን ጣጣ ነው። በ1961 ቤልግሬድ ላይ 25 አገሮች ተሰብስበው የመሠረቱትን ንቅናቄ በአማርኛ «የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ» አልነው። የስዊዘርላንድንም «ገለልተኝነት» አልነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር። ስዊዘርላንድ ጦርነት ሲነሳ ከማንም ጋር ተሰልፋ ላለመዋጋት በሕግ ታስራለች። የቤልግሬዶቹ አገሮች ያሉት ግን «ከሁለቱ ጎራ ለአንዱ ጭራ አንሆንም» ነው። አንዋጋም አላሉም፣ ስምምነት አንፈርምም አላሉም።

ምስክሩ እኛው ነን። ጃንሆይ ቤልግሬድ ላይ ተገኝተዋል። ያን ጊዜ የአሜሪካኖቹ የቃኘው የጦር መገናኛ ጣቢያ አስመራ ላይ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊትም የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል። ደርግ መጣ፤ በ1978 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመ። ኢትዮጵያ ግን ያኔም የንቅናቄው አባል ነበረች። በዓመቱ የንቅናቄው ሊቀመንበር ማን ሆነ? የሶቪየቶች ወዳጅ የኩባው ፊደል ካስትሮ። ካስትሮን ገለልተኛ ለማለት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ጅቡቲንም አንዳንዴ «ከሁሉም ጋር ናት፣ ስለዚህ ገለልተኛ ናት» ሲሏት እሰማለሁ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁሉም እዚያ ጦር አላቸው። ይህ ገለልተኝነት አይደለም። የእኛ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ነው። እሷማ አምስት ባላ ተክላለች፣ በዚያ ላይ ኪራይ ትሰበስባለች።

«ለሁለቱም እኩል መከልከል ፍትሐዊ ነው»

ይህን የኢትዮጵያ ሰው ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል።

በኦገስት 1935 አሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች። ሕጉ ወራሪም ሆነ ተወራሪ ሳይል ለተዋጊዎች ሁሉ የጦር መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል። በኦክቶበር መጀመሪያ፣ በእኛ መስከረም 1928 መሆኑ ነው፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ ሕጉም ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ወረቀቱ ላይ እኩል ነው። ግን ጣሊያን አውሮፕላኗን፣ ታንኮቿን፣ የመርዝ ጋዟን የምትሠራው እዚያው ቤቷ ነው። ኢትዮጵያ ጠመንጃና ጥይቷን ከባሕር ማዶ የምትገዛ፣ ያውም የራሷ ወደብ የሌላት አገር ነበረች። ስለዚህ በሩ ለሁለቱም ሲዘጋ ደጅ የቀረችው አንዷ ናት። ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። የሙሶሊኒ መኪናዎችና አውሮፕላኖች የሚጠጡት ቤንዚን አልነጠፈም።

ስዊዘርላንድስ? የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፣ መቀመጫውም ጄኔቫዋ ላይ ነበር። በ1920 ስትገባ ከወታደራዊ ቅጣት ነጻ እንድትሆን ተፈቅዶላት ነበር፤ በኢኮኖሚ ቅጣት ግን ልትተባበር ቃል ገብታለች። ማኅበሩ ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሎ ማዕቀብ ሲጥል እሷ የመሣሪያ ክልከላውን በጣሊያንም በኢትዮጵያም ላይ አደረገችው። ምክንያቷ ገለልተኝነት ነው። የማኅበሩን የኢኮኖሚ ማዕቀብም በሙሉ አልፈጸመችም። ጃንሆይ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 በዚያችው ከተማ ቆመው አቤት አሉ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። የአውሮፓ ዓመት ሳያልቅ፣ በ1936 መጨረሻ፣ ስዊዘርላንድ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላላት «ሉዓላዊነት» ዕውቅና ሰጠች።

ስዊዘርላንድ ጥቅሟን መጠበቋ አይገርመኝም። ጣሊያን ጎረቤቷ ናት፣ ከጎረቤት ጋር መኖር አለ። የሚከነክነኝ ያንን ውሳኔ «ከማንም አልወገንኩም» ብሎ መጥራቱ ነው። ጉልበታቸው ለማይመጣጠን ሁለት ሰዎች ዱላ የከለከለ፣ ባለ ጡንቻውን ጠቅሟል።

«ስዊድንና ፊንላንድ ኔቶ ከገቡ ገለልተኝነት ሞቷል»

አልሞተም። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 መግባታቸው እውነት ነው፤ የስዊድን ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት የዘለቀ ልማድ ነበር። ግን ኦስትሪያ፣ አየርላንድ፣ ማልታና ስዊዘርላንድ እስካሁን አልገቡም። ካርታ ላይ ብታዩት ልዩነቱ ይታያል። ፊንላንድ ከሩሲያ ጋር 1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ድንበር አላት። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ አብዛኛው ዙሪያቸው የኔቶ አገር ነው፤ ጠላት ወደ እነሱ ከመድረሱ በፊት የሌላውን ግቢ ማለፍ አለበት።

«ገለልተኛ አገር መሃል ላይ ትቆማለች»

በስም፣ አዎ። በተግባር ሁሌም ወደ አንዱ ዘንበል ትላለች። ስዊዘርላንድ በፌብሩዋሪ 2022 አውሮፓ ኅብረት በሩሲያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ተቀበለች። በዚያው ጊዜ ጀርመን ከእሷ የገዛችውን ጥይት ለዩክሬን እንዳትሰጥ ከለከለች። ሁለቱም ወገን ተቆጣ። አንዱ «ገለልተኝነቷን ሸጠች» አለ፣ ሌላው «ከኋላው ተደበቀች»።

የምወደው ምሳሌ ግን አየርላንድ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች፤ ዘመኑን «ጦርነት» እንኳ አላለችውም፣ «አስቸኳይ ጊዜ» ነው ያለችው። ድንበሯ ውስጥ የወደቁ የጀርመን አብራሪዎችን አሰረች፣ ብዙዎቹን የእንግሊዝና የአሜሪካ አብራሪዎች ግን በዝምታ ወደ ሰሜን አየርላንድ ሸኘች። የአየር ሁኔታ መረጃ ለእንግሊዝ ትልክ ነበር። በጁን 1944 መጀመሪያ ከምዕራብ ጠረፏ፣ ከብላክሶድ ጣቢያ የተላከው መረጃ ማዕበል መምጣቱን አሳየ። አይዘንሃወር የኖርማንዲውን ማረፍ በአንድ ቀን እንዲያዘገይ ከረዱት መረጃዎች አንዱ ይህ ነበር።

ከዚያ ሜይ 1945 መጣ። ሂትለር መሞቱ ተሰማ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤመን ዴ ቫሌራ ደብሊን ወዳለው የጀርመን መልእክተኛ ሄዱና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚሉትን ዓይነት ሐዘን ገልጸው ተመለሱ። ፕሮቶኮሉ ነው አሉ።