ወንዝ የላሰው አጥንት፦ ከቀበና ዳር እስከ አምስት ኪሎ

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ ሁለት ወንዝ ይሻገራሉ። መጀመሪያ ግንፍሌ፣ ቀጥሎ ቀበና። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ዳርና ዳሩ ላይ የማይታይ ነገር የለም። የጫማ ሶል፣ ፌስታል፣ የጀበና ስባሪ፣ አጥንት። አጥንቱ አንዳንዴ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ሙዚየም ውስጥ ያለውን ይመስላል። የድንቅነሽ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ልቡ መምታቱ አይቀርም።

የእኔም መትቶ ነበር። ስንዝር የምታክል፣ ከሰል የመሰለች አጥንት ቀበና ዳር አገኘሁ። አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ቅሪተ አካል ላይ ለዓመታት ወደሠራ አንድ ወዳጄ ይዤ ሄድኩ። ገና ከጋዜጣው ሳላወጣት ጫፏን ጠቆመኝ። “ይቺን አየሃት? የመጥረቢያ ምልክት ናት።” ገልበጥ አድርጎ አያትና “ያንተ ቅሪተ አካል የፋሲካ ቅርጫ ነው” አለኝ። ጥቁረቷስ? ጭቃው ነዋ! አየር የማይገባው የወንዝ ጭቃ አጥንትን በአጭር ጊዜ ያጠቁራል። ቀለም የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ ከመነሻውም አጠራጣሪ ነበር። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። እንጦጦም ሆነ ከእሱ የሚወርዱት ወንዞች የሚቆርጡት አለት ቀልጦ የፈሰሰ ወይም የነደደ አመድ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ውስጥ አጥንት አይተርፍም። አጥንት የሚቆየው ደለል፣ አሸዋና ጭቃ ቶሎ ሲቀብረው ነው። ስለዚህ መሀል ከተማ ወንዝ ዳር የሚገኘው አጥንት በአብዛኛው የሉካንዳ፣ የቅርጫ ወይም የሞተ አህያ ነው።

ግን የቀበናና የግንፍሌ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ግንፍሌ ቀበና ይገባል፤ ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ማለት ደግሞ የዓለም የቅሪተ አካል መዝገብ የሚባል ሸለቆ ባለቤት ነው። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው አዋሽ ተፋሰስ፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ያን ያህል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ አዋሽን የሚሻገር ሰው መልካ ቁንጥሬ ይደርሳል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። እዚያ ወንዙ ራሱ ዳገቱን እየሸረሸረ የጉማሬ አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ያወጣል። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ የ700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የሰው ዱካዎች፣ የሕፃናት ጭምር፣ ጭቃ ላይ ታትመው ተገኝተዋል። አጠገቡ ያለው ባልጩት የተባለው ቦታ ስሙ ስለ ራሱ ይናገራል። መልካ ቁንጥሬና ባልጩት አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

ወንዝ አጥንት ላይ ምን ያደርጋል? ይለያል፣ ይፈጫል፣ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ቮርሂስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የበግ፣ እንዲሁም ኮዮቴ የተባለ የቀበሮ ዘመድ አጥንቶችን ሰው ሠራሽ የውሃ ቦይ ውስጥ ጨምሮ የቱ ቀድሞ እንደሚሄድ ተመለከተ። ጎድንና አከርካሪ ወዲያው ተጠራርገው ሄዱ። የእግር አጥንቶች ቀስ እያሉ ተከተሉ። ራስ ቅልና መንጋጋ እዚያው ቀሩ። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ መንጋጋና ጥርስ ብቻ ተከማችቶ ቢታይ የቀረውን ውሃው ወስዶት ሊሆን ይችላል። እየተንከባለለ የሄደ አጥንት ደግሞ ስሱ ጫፎቹ ይጠፋሉ፤ የጠነከረው መሀሉ ብቻ እንደ ጠጠር ይድቦለቦላል። ፀሐይ የጎዳው ግን ሌላ መልክ አለው፤ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሁለቱን አለማምታታት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው “ለመሆኑ አጥንት ነው ወይ?” የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ድንጋይ ነው። መልሱ ያለው ስብራቱ ላይ ነው። አጥንት ከሆነ ውጪው ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ ነው፤ ካልሆነም የመቅኔ ክፍት ቦታ ይታያል። ድንጋይ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ቀጥሎ “ድንጋይ ሆኗል ወይ?” ይባላል። ቀዳዳዎቹን ማዕድን የሞላቸው አጥንት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ከሌላ ድንጋይ ጋር ሲነካካ እንደ ሲኒ ይጮሃል። በጋለ መርፌ ሲነካ አዲስ አጥንት የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ድንጋይ የሆነው አይሸትም። ባለሙያዎች በምላስ የመንካት ልማድም አላቸው፣ ቀዳዳ ያለው ደረቅ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃልና። የቀበናን አጥንት ግን በምላስ መሞከር ለጤና አይበጅም። ደግሞም ደርቆ የከረመ የትናንት አጥንት ሊጣበቅ ስለሚችል ብቻውን አያስተማምንም።

የማን አጥንት እንደሆነ ለመለየት ምርጡ ጓደኛ ጥርስ ነው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ የውጪ ሽፋን፣ ከአካል ሁሉ ጠንካራው ነገር ስለሆነ ወንዝ እንደልቡ አይፈጨውም። የበሬና የአጋዘን መንጋጋ ጥርስ ከላይ ሲያዩት ግማሽ ጨረቃ ጨረቃ ይላል። የፈረስ ዘመዶች፣ አህያም የሜዳ አህያም፣ ጥርሳቸው ረጅምና ካሬ ነው፤ ፊቱ ላይ ኢናሜሉ ይጠማዘዛል። የዝሆን ጥርስ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሳህኖች ነው። በጣም የምወደው የጉማሬው ነው። በማኘክ ብዛት ሲያልቅ ፊቱ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል የማገጥ ምስል ይወጣል። አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። የአሳማና የከርከሮ ዘመዶች የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ በዘመናት ውስጥ እየረዘመ ስለሄደ የኦሞና የቱርካና ተመራማሪዎች ዕድሜ መለኪያ አድርገውታል።

ጥርስ ከሌለ መገጣጠሚያ ይታያል። በተለይ ቁርጭምጭሚት ትንሽና ጥቅጥቅ ያለች ስለሆነች ተንከባልላም ትተርፋለች። የበሬ፣ የበግና የሚዳቋ ከሆነች ሁለቱም ጫፏ እንደ ክር ማጠንጠኛ መሀሉ ሰርጎድ ይላል። የፈረስ ወይም የአህያ ከሆነች አንደኛው ጫፍ ብቻ ነው እንደዚያ፤ ሌላው ጠፍጣፋ ነው። ከሰኮና በላይ ያለው ቀጭን አጥንትም እንዲሁ ነው። የበሬው ሁለት አጥንት ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ጫፉ ለሁለት ይከፈላል፤ የአህያው አንድ ነው። የእኔም አጥንት የተጋለጠችው በመጥረቢያዋና በዚህ ነው። በእውነቱ ጥሩ ሉካንዳ ቤት ቆሞ ወርችና ቅልጥም ሲለይ ያየ ሰው የዚህን ትምህርት ግማሹን ጨርሷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ከባዱ ነው፦ ጭረት። የድንጋይ ስለት የተወው ቁርጥ ጥልቀቱ የ“ቪ” ቅርጽ አለው ይባላል። የመንጋ ኮቴ አሸዋ ላይ የረጋገጠው አጥንትም ተመሳሳይ ጭረት ይይዛል። አዞ የነከሰውም እንዲሁ። ሊቃውንቱ ራሳቸው እዚህ ላይ ይጨቃጨቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አፋር ውስጥ ካለችው ዲኪካ የተገኙ ሁለት አጥንቶች ላይ ያለው ምልክት ከ3.39 ሚሊዮን ዓመት በፊት በድንጋይ ሥጋ መቆረጡን ያሳያል ተባለ። ሌሎች “መረጋገጥ ነው” አሉ፤ በኋላም “የአዞ ጥርስም ይህን ያደርጋል” የሚል መጣ።

ዕድሜውን ራሱ አጥንቱ አይናገርም። የካርቦን ምርመራ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አቅም የለውም። የድንቅነሽ ዓይነት ዕድሜ የሚሰላው አጥንቱን ከላይና ከታች ካቀፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ወንዝ ያንከባለለው አጥንት ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከንብርብሩ ወጥቷል። ሰው ደግሞ አንስቶ ኪሱ ሲከተው የነበረችው ጥቂት ፍንጭ ትጠፋለች። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ደግነቱ የፋሲካ ነበረች።

ሕጉም አለ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቆፍር አለዚያም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዛል። ዛሬ በከተማዋ ወንዞች ዳር ስካቫተር በሚውልበት ጊዜ ይህ የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። ለአዲስ አበባ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፣ ከግንፍሌ ድልድይ በእግር የሚደረስ። ታች ቤት የድንቅነሽ ቅጂ ለጎብኚ ይታያል፤ ዋናው አጽም በካዝና ነው።

ይዘው ከመሄድ ይልቅ ግን ፎቶ ይሻላል። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከራቅ አድርጎ፣ ከየትኛው አፈር እንደወጣ እንዲታይ። የስልኩ ካርታ ቦታውን ይመዝግብ። መጠኑ እንዲታወቅ ደግሞ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሳንቲሙን ማንሳት አይርሱ።